ሳን ሬሞ፣ እሑድ እስኪደርስ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ልገዛ ኤመሪቪል ካለ አንድ ትልቅ መደብር ገብቼ የአንዱን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩት። ኮኮናት ኮኮናት የሚል፣ ምንም ክፋት የሌለበት ሽታ ነው። እኔ ግን በአንድ አፍታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሳን ሬሞ ባሕር ዳር ቆምኩ፤ እናቴ ጀርባዬን እየቀባች ትስቃለች፣ እኔ የማውቀውን አውቄ ዝም ብያለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነበር፤ እማዬ ሳን ሊያንድሮ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ አባዬ ሳን ሆዜ ድረስ እየተመላለሰ ፋብሪካ ይውላል። የእማዬ ታላቅ እህት አስካለ ጣሊያን አገር፣ ሳን ሬሞ በምትባል የድሮ ሀብታሞች ከክረምት ብርድ ይሸሹባት በነበረች የባሕር ዳር ከተማ፣ የአንዲት ባልቴት ቤት ሠራተኛ ነበረች። እህትማማቾቹ ከተለያዩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እማዬ የአሜሪካ ፓስፖርቷን ባገኘች ማግስት ትኬት ቆረጠች፤ ሻንጣውንም ወር ሲቀረው ጀምራ በቪታሚን፣ በሎሽንና በጂንስ ጠቀጠቀችው። እህቷ ትወፍር ትክሳ ስለማታውቅ ጂንሱን በሦስት ልክ ነበር የገዛችው።

ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን፣ እማዬ ሥራ ላይ ሳለች፣ ስልክ ተደወለ። አስካለ በድንገት ልቧ ቆሞ ሞታለች፤ ተቀብራለችም። አባዬ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ጠርቶ ሳሎን ተቀመጡና መከሩ። እኔ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ካርቱን አያለሁ፤ በአማርኛ ሲያናግሩኝ በእንግሊዝኛ ስለምመልስ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

«እዚህ ብናረዳት መንገዱን ትተወዋለች፤ መቃብሯንም ሳታይ ትቀራለች» አለ አንደኛው።

«እዚያ ጓደኞቿ አሉ አይደል? በወጉ እነሱ ያርዷት» አለ ሌላው። አባዬ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ለእማዬ ከነገርኳት ጉዞው እንደሚቀር ለእኔም ገባኝ። ስለ ባሕሩ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ፤ አዲስ የዋና ልብስም ተገዝቶልኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ኤርፖርት ሊሸኙን የመጡት ምእመናን ፊታቸው እንደ ለቀስተኛ ጠቁሮ ነበር። እማዬ መዘምራኑ ያለ እሷ ድምፅ እንዳይቸገሩ የሰጉ መስሏት «ሁለት ሳምንት እኮ ነው፤ ምን ሆናችኋል?» እያለች ታጽናናቸው ነበር።

ሳን ሬሞ የደረስነው ዓርብ ነው። ባቡር ጣቢያው ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ስለነበር ገና እንደወረድን ጨው የሚሸተው ነፋስ፣ ዘንባባዎቹ፣ ነጫጮቹ የጥንት ሆቴሎችና በረድፍ የተተከሉት ባለ መስመር ጃንጥላዎች ባንዴ ተቀበሉን። ከሰው የተቀበለችን ግን የአስካለ ጓደኛ እትዬ ዘነበች ብቻ ነበረች። መርዶ ደግሞ ብቻን አይነገርም፤ ደግፎ የሚይዝ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ይፈልጋል። ጄኖቫ ያሉት ሌሎቹ ጓደኞቿም ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸውና የሚያርፉት እሑድ ነው። እትዬ ዘነበች ዐይኗን ከእማዬ እያሸሸች «አስኩ ከሴትዮዋ ጋር ተራራ ወጥታለች፤ እሑድ ትመጣለች፤ እስከዚያ ተዝናኑ» አለች።

ተዝናናን። እማዬን እንደዚያ ሆና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቻት አላውቅም። አይስክሬሟን እየላሰች በባሕሩ ዳር መንገድ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ የማታውቀውን ፎቅ ሁሉ እያሳየችኝ አስኩ በየትኛው መስኮት ባሕሩን እንደምታይ ትገምታለች። ውሃው ውስጥ ግን አልገባም አለች፤ «እሑድ ከአስኩ ጋር እንገባለን» ትለኛለች። ለምኜ፣ ጎትቼ፣ አልቅሼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሞገዱ ቀሚሷን እስከ ወገቧ ሲያረጥበው ጮኻ ሳቀች፤ ከዚያም ፀጉሯን እየጨመቀች «አስኩ አሁን ዋና ትችል ይሆን?» አለችኝ።

«ሜይቢ» አልኳት።

እሑድ በማለዳ የሆቴላችን በር ተንኳኳ። እማዬ ተውባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ስትከፍት ኮሪደሩ ላይ ሰባት ሴቶች ቆመዋል። በመካከላቸው እህቷን ስትፈልግ አየኋት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ልብ አለች። የሚነገር ነገር አልቀረም።

መቃብሩ ከዋኘንበት ቦታ በእግር የሚደረስ ነበር። እማዬ አፈሩ ላይ ተደፍታ «እኔ ስስቅ አንቺ እዚህ ነበርሽ?» አለች፤ ሴቶቹ ደግፈው አነሷት። ስንመለስ አውሮፕላን ውስጥ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ሰምተሽ ነበር?» ስትለኝ «ኖ» አልኳት።

አባዬን ይቅር አላለችውም። በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ የሚነጋገሩት ስለ ልብስ አጠባና ስለ እኔ ትምህርት ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ቢመጡም በር አልከፈተችም፤ መዘምራኑ ዘንድም አልተመለሰችም፤ ቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

አምና ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እጄን ያዘችና፣ ሳትጠየቅ፣ «ከዚያ ቤት ያልዋሸኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። በአንድ ሳምንት እህቷንም ባሏንም ዝማሬዋንም ላጣች ሴት የቀራት እኔን ማመን ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ትንሽ ሲሻላት እነግራታለሁ ብዬ ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ወጣሁ።

አልተሻላትም።