የቀሚሱ ጀርባ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሳይገዙ የሱቅ መስታወት እያዩ መዞርን «ዊንዶው ሾፒንግ» ይሉታል። ሻጭ «ምን ልርዳዎት?» ሲለው በዚህ ቃል የመለሰ ሰው «አይቼ እሄዳለሁ፣ አትድከም» ማለቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ስሙን ሳትሰማ ዕድሜ ልኳን ስታደርገው ኖራለች። መስታወቱ ፊት ትቆማለች፣ ቀሚሱን በዓይኗ ትለካለች፣ ቤቷ ገብታ ትቆርጣለች። ሱቁ ውስጥ ግን አትገባም። «ለማልገዛው ነገር ሰው ላደክም? ምን ቆርጦኝ» ትላለች።

እህቴ ለሠርጓ የወደደችው ቀሚስ በትልቁ ሱቅ መስታወት ውስጥ፣ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ነበር። ፊቱ ላይ አንድም ስፌት ሳይታይ ወገብ ላይ ልክክ ይላል። አክስቴ እንዳየችው ሰፋችው። እህቴ ስትለብሰው ግን ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ፎጣ መሰለ። አክስቴ ጎኑን ስታጠብበው ፊቱ ተጨማደደ። ተረተረችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ ያው ሆነ።

እህቴ ሆድ ብሷት «ግድ የለም አክስትዬ፣ እከራያለሁ» አለቻት። ያን ጊዜ የአክስቴ ቅስም ተሰበረ።

«ዓይኔም እጄም ከድተውኛል» አለችኝ። «መኪናዋን ሽጡልኝ።»

እኔንና እህቴን ያሳደገችን በዚያች የስፌት መኪና ነው። ተናደድኩ። እጇን ይዤ ወደ ሱቁ ጎተትኳት።

«ምን ልርዳዎት እናቴ?» አለች ሻጯ።

አክስቴ ከኋላዬ ተሸሸገች። «ለማየት ነው የኔ ልጅ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጀርባውን ብቻ።»

ሻጯ አሻንጉሊቱን አዞረችው። ትርፉ ጨርቅ ሁሉ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል።

«ቀሚሱ ለአሻንጉሊቷ ሰፊ ነው» ብላ ሳቀች። «ከፊት እንዲያምር ነው የምንቆነጥጠው።»

እኔም ሳቅኩ። አክስቴ ግን እጄን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። እንደገባን የጎኑን ስፌት ተረተረችና ቀሚሱን ለእህቴ አለበሰቻት። መስታወት ፊት አቁማት ትርፉን ጨርቅ ከጀርባዋ ሰብስባ በጭብጧ ያዘችው። ፊቱ ልክ ሱቅ ውስጥ እንዳየነው ሆኖ ወረደ።

አክስቴ ጨርቁን እንደጨበጠች ግንባሯን እህቴ ጀርባ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

«በስፒል ያዢውና እስቲ ልንቀሳቀስበት» አለች እህቴ።

«ቆይ» አለች አክስቴ። «ትንሽ በእጄ ልያዘው።»