የኛዋል ታንከር

ባለፈው ሳምንት ለሱቄ በር ላሠራ እዚህ አዳማ አንድ ብረታ ብረት ቤት ገብቼ ነበር። ባለቤቱ ዋጋ እያሰላልኝ ሳለ ከጀርባው የፕላዝማው መቁረጫ ተነሣ። ሰማያዊው እሳት ላሜራውን እየሰነጠቀ ሲሄድ፣ ፍንጣሪው ከሥር ያለው ውሃ ውስጥ እየወደቀ ይከስማል። ማሽኑን የምታሠራው አንዲት ልጅ እግር ሴት ነበረች። የድሮው ቅናቴ ተነሣ፤ አንገቴን አስግጌ እጇን አየሁ። አርባን ተሻግሬም አልተወኝም ማለት ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጁባ የሄድኩት አክስቴ ምግብ ቤት ልሠራ ነው። አክስቴ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ ሽሮና የነጭ ዓባይ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ጀበል ከሚሉት ተራራ ሥር ወዳለው የጋሽ ይርጋ በርና መስኮት መሥሪያ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ቦዳቦዳ በሚሉት ሞተር ላይ ተፈናጥጬ፣ ሳህኖቹን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ቀይ አቧራ እየቃምኩ። ሠራተኞቹ በልተው እስኪጨርሱ ቆሜ ብየዳ አያለሁ። ማየት የሚከለክል የለም። አንድ ቀን ቁራጭ ብረት ላይ ሞከርኩ፤ የዶሮ ኩስ መሰለና ተሳቀብኝ። በዓመቱ ግን አክስቴ ሌላ ምሳ አመላላሽ ቀጠረች፣ እኔ የጋሽ ይርጋ በያጅ ሆንኩ። ማንም አላስተማረኝም። ይህን ሳወራ ዛሬም ደረቴ ይነፋል፤ ያን ጊዜማ የሚችለኝ አልነበረም።

ከዚያ ኛዋል መጣች።

ኛዋል የኑዌር ልጅ ናት። ጋምቤላ አድጋ፣ እኛው አገር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ሰላም ሲወርድ ወደ ወላጆቿ አገር የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ገበያ ስንወጣ በጁባ ዓረብኛ ተከራክራ ታስቀንሳለች፤ መንገድ ላይ ዘመዶቿን በቋንቋቸው ሰላም ትላለች። ሁለት አገር ነበራት። ከአገሬ እኔ ያላገኘሁትን ሰርተፊኬት ይዛ ወጥታ፣ አሁን ደግሞ በአገሯ ልትበልጠኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅናት ሲመዝን እንዲህ ነው። ብየዳዋ ጥልፍ ነበር፤ አጎንብሼ እንከን ስፈልግበት ቆይቼ ቀና ስል አንገቴን ያመኛል። ምሳ ላይ እንኳ ጋሽ ይርጋ የዓሣውን ራስ ለእሷ ሲያነሱ አያለሁ። የዓሣ ራስ አልወድም። ግን ለምን ለእሷ?

የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ካለፈ በኋላ ባለው ሙቀት ከተማዋ ሁሉ ግንባታ ሆና ነበር። ጋሽ ይርጋ ከካምፓላ ያገለገለ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ አስመጡ። እሳቱንና ጭሱን የሚውጠው ከላሜራው ሥር የሚሞላው ውሃ ነው፤ ዝቃጩን ለመጥረግ ደግሞ ውሃውን በየጊዜው ማውጣት ያስፈልጋል። ጁባ ውሃ የሚገዛው ከቦቴ ነው። በዚያ በጋ ውሃ መድፋት ኃጢአት ነበር። ኛዋል ካርቶን ላይ መላውን ሣለችው፦ ጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ ዝግ ታንከር። ኮምፕሬሰር አየር ሲነፋበት ውሃው በቧንቧ ወደ ጠረጴዛው ይወጣል፤ አየሩ ሲለቀቅ ተመልሶ ይወርዳል። ጠብታ አይባክንም።

ጋሽ ይርጋ ነጋዴ እንጂ በያጅ አልነበሩም። ካርቶኑን አገላብጠው አዩና፣ "ኛዋል፣ ታንከሩ ካላፈሰሰ ማሽኑ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ካፈሰሰ ግን ሙሉ ትቆማለች" አሉ።

ሙሉ እኔ ነኝ። ማሽኑ ላይ መቆም ማለት ከፀሐይ ወደ ጥላ መግባት፣ በስም መጠራት፣ ለደንበኛ "ባለሙያችን" ተብሎ መታየት ነበር።

ሥራው የእሷ ሆነ፣ እኔ ላሜራ ያዥ። በአምስተኛው ቀን የታችኛው ማዕዘን ከውስጥ መበየድ ነበረበት። ኛዋል በመግቢያው ቀዳዳ እግሯን ሰደደች፤ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። የቤት በር ሁሉ ግንባሯን የሚመታት ረጅም ሴት ናት። እየሳቀች ወጣችና፣ "ሙልዬ፣ አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ግቢልኝ" አለች።

ትንሽ ነሽ። ገባሁ። ውስጡ ምድጃ ነው፤ ላቤ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ቃሏ ደግሞ ጆሮዬን። በንዴት ቸኩዬ በየድኩና ወጣሁ።

በማግስቱ ሌሎቹ በር ሊገጥሙ ደንበኛ ቤት ሲሄዱ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከአንድ ቦቴ ጠጋኝ ያየሁት ዘዴ ነበር፤ ብየዳውን ከውጭ ኖራ ይቀቡታል፣ ከውስጥ በላምባ በራሰ ጨርቅ ያሹታል። የመርፌ ቀዳዳ ካለ ላምባው ሾልኮ ነጩ ላይ ይታያል። የኛዋልን ጉድ ፍለጋ ነበር የቀረሁት። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ከዛፉ ጥሬ ማንጎ ዱብ ባለ ቁጥር ሰው የመጣ እየመሰለኝ እዘላለሁ። የእሷን ብየዳ ሁሉ ዞርኩት፤ ኖራው እንደነጣ ቀረ። ከዚያ ታችኛው ማዕዘን ላይ አንዲት ጠይም ነጥብ ወጣች። ቀስ እያለች ሰፋች።

የኔዋ ነበረች።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ኤሌክትሮዱ አጠገቤ ነው፤ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። የጋሽ ይርጋ ቃል ትዝ አለኝ። ኖራውን አጥቤ፣ ጨርቁን ደብቄ፣ እንደ በሽተኛ ጥላ ሥር ተጋደምኩ።

በነጋታው ጠዋት ቦቴው መጥቶ ታንከሩን ሞላ። ኮምፕሬሰሩ አጉረመረመ፣ ውሃው በቧንቧው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፤ ኛዋል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ከሥር አንድ ነገር አፏጨ። ከማዕዘኗ ቀጭን ውሃ ተወረወረ፣ እያየነው ጣት አከለ። ቀዩ አፈር ይጠጣው ጀመር። የጎረቤት ሴቶች ጀሪካንና ድስት ይዘው ሮጠው ገቡና እየተሳሳቁ ቀዱት።

ጋሽ ይርጋ አጎንብሰው ቀዳዳዋን አዩ። "ይቺን የበየዳት ማነው?"

ምላሴ ተሳሰረ አልልም። ዝም ያልኩት ፈልጌ ነው።

"የኔ ናት፣ ጋሼ" አለች ኛዋል።

ማሽኑ ለእኔ ተሰጠ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ምሳ ላይ የዓሣውን ራስ ለእኔ አነሱልኝ፤ አጥንቱ እስኪነጣ መጠጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ማዕዘኗን ልጠግን ታንከሩ ውስጥ ተመለስኩ። ኛዋል ከላይ ባትሪ ታበራልኛለች፤ ፊቷ አይታየኝም። ለምን የኔ ናት እንዳለች ጠየቅኋት።

"ሥራው የኔ ነበር፣ ያስገባሁሽም እኔ" አለች። ቀጥላም፣ "ማሌሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እፈትሸዋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ስትጨብጪኝ ግን ጥፍርሽ ሥር ኖራ አየሁ። ሙሉ ፈትሻዋለች፣ ብላሽ ብታገኝ ትነግረኝ ነበር ብዬ ተውኩት። ላምባም አንዳንዴ ያታልላል።"

ድምጿ ውስጥ ነገር የለበትም። ነገር ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ጨለማው ውስጥ ጥፍሬን ቱታዬ ላይ ደጋግሜ ጠረግሁ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም "ባትሪውን ወደ ግራ" ነበር ያልኳት።

ዝናቡ ሲገባ ኛዋል ረጃፍ በኩል የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ አግኝታ ሄደች። እኔ ማሽኑ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆምኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ደንበኞችም "ባለሙያዋ" ይሉኝ ነበር። በተጠራሁ ቁጥር ዘወር ብዬ ከኋላዬ አያለሁ።

ቅናት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ ቅናት ቦታ ቀየረ እንጂ አልበረደም። ዛሬ በብየዳዋም፣ በሰርተፊኬቷም፣ በሁለቱ አገሮቿም አልቀናም። ነገሩ ቢገለበጥ፣ እኔ የእሷ ጥፍር ሥር ኖራ ባይ ምን እል እንደነበር አውቀዋለሁ፤ "ይቺ ልጅ ምን ተንኮል ሠራች?" ነበር የምለው። ኛዋል ግን ኖራውን አይታ ተረጋጋች። ሰውን አይቶ እንደዚያ መረጋጋት ከየት እንደሚገኝ እስካሁን አላውቅም። በገበያ ይሸጣል ቢሉኝ ግን፣ አፍሬም ቢሆን፣ ከእሷ ቀድሜ ለመድረስ እሮጥ ነበር።