የከርነል ቀዳዳና የእትዬ ዘነቡ ጓጉንቸር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ስልክ እየጠገንኩ የምኖርበት ጊዜ ነው... የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን።

አከራዬ እትዬ ዘነቡ በጠዋት ስልካቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። «አፕዴት አድርጊ እያለ ነዘነዘኝ፤ ምንድን ነው የሚፈልገው?» አሉኝ።

ማስረዳት ስወድ ደግሞ ለጉድ ነው! «እትዬ፣ ስልክዎ ውስጥ ከርነል የሚባል ነገር አለ። እንደ እርስዎ አከራይ ይበሉት፤ ለየፕሮግራሙ ሜሞሪ ላይ ክፍል ይሰጣል። አንዱ ሲለቅ ክፍሉን ለሌላ ያከራያል። የለቀቀው ቁልፉ እጁ ላይ ከቀረ ግን ተመልሶ ገብቶ የሰው ዕቃ ያተራምሳል። ሌባም የሚገባው በዚሁ ነው። አፕዴቱ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል።»

«ይህን የሠራው ፈረንጅ ቁልፍ መቀበል አያውቅም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«የተማሩ ናቸው እኮ... ግን ዝርክርኮች!» አልኩ እየተኩራራሁ።

ቀትር ላይ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው ሱቄን ዘግቼ ወደ ግቢ ሄድኩ። ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። በር ሥር ካለው ዚር፣ ከሸክላው ጋን፣ ውሃ ጠጣሁ። መስኮቱ ላይ ዳቦ አገኘሁና ማን እንዳስቀመጠው እንኳ ሳልጠይቅ በላሁት። አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ ጋደም ከማለቴ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

«ሐራሚ! ሌባ! ያዙልኝ!»

ብድግ አልኩ። አንድ ከመተማ ለአጨዳ የመጣ ገበሬ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ያኔ ትዝ አለኝ... ለካ ይህን ክፍል ለእሱ ለቅቄ ጥላ ወዳለው የጓሮ ክፍል ከተዛወርኩ ሦስት ቀኔ ነው! እግሬ ግን አልሰማም።

ግቢው ተሰበሰበ። በጣም ፈራሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፤ አንድ ሰው ፖሊስ ከጠራ እስር ቤት፣ ከዚያም ድንበር ነው።

እትዬ ዘነቡ መጡ። እኔን አዩ፣ የዳቦውን ፍርፋሪ አዩ፣ ጓጉንቸሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩ።

«ተወው ወንድሜ፣ ሌባ አይደለም» አሉት። «የለቀቀ ፕሮግራም ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን አስረከብኩ።

«ሲለቅ ቁልፉን አይቀበሉትም ነበር?» አላቸው ገበሬው፣ ዱላውን ሳያወርድ።

እትዬ ትንሽ አሰቡና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አለ?»

ከቀድሞ ተከራዮች መሃል አንድ እጅ ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሌላም ተከተለ። ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ።

«ኸላስ፣ በቃ! ጓጉንቸር ራሴ እገዛለሁ» አለ ገበሬው፣ ሳቁ እያመለጠው።

ዳቦውን ተካሁለት... ከርነል ሠሪዎችን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰድቤ አላውቅም።