ወንድሜ በማስተርሱ አክስታችንን ያስቀየመ ጊዜ

ታላቅ ወንድሜ መሀል አገር ሥነ ልሳን ይማራል፤ ሁለተኛ ዲግሪ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚሁ ጋምቤላ ጸጉር እሠራለሁ።

አምና ክረምት ለመመረቂያ ጽሑፉ አኙዋክኛ ሊያጠና መጣ። እናታችን ያስተማረችንን ቋንቋ ለማጥናት፣ በአውሮፕላን! አማካሪው በአማርኛ የተጻፈ የዓረፍተ ነገር ዝርዝር ሰጥቶታል። አንድ ትልቅ ሰው ሁሉንም በቋንቋችን ሲል ካልቀረጸ አይመረቅም። እሱ ራሱ ቢለው አይቆጠርም አሉ። እናቴ ደግሞ ለምርቃቱ የምትለብሰውን አሰፍታ ጨርሳለች።

አክስታችንን ባሮ ዳር ማንጎ ሥር አገኛት። ዓሣ ትሰነጥቃለች።

"ውሃ ቀዳሁ" ሲላት በቋንቋችን አለችለት። "ላሟ ጠፋች" ሲላት "የማን ላም?" ብላ ጠይቃ፣ እሱንም አለችለት።

"ልጄ ሞተ።"

ቀና ብላ አየችው።

"በይ እንጂ አክስቴ፣ ልጄ ሞተ።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ዘበኛ ነው።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ምሳሌ እኮ ነው።"

"በልጄ ነው ምሳሌ?"

እኛ ቤት በሕይወት ያለን ልጅ ሞተ የምትል እናት የለችም፤ ለቀልድም ቢሆን። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ማስተርስ የሚማረው ረሳው። ዓሣዋን በሳፋ ይዛ ሄደች። ሁለት ቀን ሰላምታውን እንኳ አልመለሰችለትም። እሱ ደግሞ ደብተሩ ላይ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? "መረጃ ሰጪዋ ትብብር አላሳየችም።" አክስቱን እኮ ነው!

"አንተ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምንድን ነው የሚያስተምሩህ?" አልኩት።

"አንቺ አይገባሽም። ዝርዝሩ መሟላት አለበት።"

"ሞት ከፈለግህ የእውነቱን ጠይቃት። ባሏን ቀብራ የለ?"

ደብተሩን ዘጋ። ለልጇ እኔው ደወልኩለት፤ በማግስቱ መጣ። አክስቴ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው፣ ክፉው ቃል እንዳይደርስበት ውሃ ረጨችበት፣ ከዚያ ተቀመጠች።

"ያ የተማረው አይጠይቀኝም" አለች። "አንቺ ጠይቂኝ።"

ስለ ባሏ ጠየቅኳት። ሊሞት ሲል ምን መብላት እንዳማረው፣ መቃብሩን እነማን እንደቆፈሩ፣ ዝናቡ እንዴት ጉድጓዱን እንደሞላው፣ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች ነገረችን። ወንድሜ መቅረጫውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዝርዝሩ የቀረው አንዱም አልተነካም።

ሲመሽ አማካሪው ደወለ። በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

"አልሞላሁትም ዶክተር... አይ፣ እንድትል አላስገድዳትም... እሱንም አውቃለሁ። ካልተመረቅሁም ይቅር።"

ዩኒቨርሲቲ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ያለው ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ ከጓሮ "ምን እያለ ነው?" አለችኝ፤ ድምፁ አስደንግጧት።

"ተዪው" አልኳት። "ገና አሁን ነው ትምህርት የጀመረው።"