ገዢ እስኪመጣ

በእኛ መንደር ከምሳ ሰዓት ውጪ ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተተ ቤት ገዢ መጥቷል ማለት ነው። ይህን የማያውቁት ገዢዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጨውና ሳሙና፣ ምስማርና አምፖል እየሸጥኩ የመንደሩን ቤቶች ዕጣ በአፍንጫዬ እከታተላለሁ። ሽንኩርቱንም የምሸጠው እኔው ስለሆንኩ አንዳንዴ ከደላላው ቀድሜ አውቃለሁ።

ሽንኩርቱን የምታቁላላውን ሴት መንደሩ «አሟሟቂዋ» ይላታል። የሚሸጥ ቤት ውስጥ ገብታ፣ መስኮት ከፍታ፣ እሳት አንድዳ፣ ገዢ እስኪመጣ ትኖራለች። ገዢ ሲመጣ ትወጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ከተማው ከእኛ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወጣቶቹ ወደዚያ ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ አረፉ፣ ቤቶቹ ቀሩ። ያኔ የከተማ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍበት ትንሽ የገጠር ቤት መፈለግ ጀምሮ ነበርና ዋጋው ጣሪያ ነካ። አራት ግድግዳና ቆርቆሮ ያለው ሁሉ ሀብታም ነኝ አለ። በየበሩ «የሚሸጥ ቤት» ተለጠፈ። አንዱ ሰሌዳውን የእኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ሄዶ ኖሮ፣ አንድ ባለመኪና ገብቶ ሱቁ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ከነባለቤቱ ነው የሚፈልጉት?» አልኩት። ሰውየው አልሳቀም። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይስቅም።

ከዚያ ደግሞ ገበያው ተኛ። ባንክ ብድር ቀነሰ አሉ፣ ነዳጅ ተወደደ አሉ፤ ብቻ የሚመጣው መኪና እየሳሳ ሄደ። ሻጮቹ ግን የድሮውን ዋጋ ከአፋቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ሰሌዳዎቹን ፀሐይ መትቷቸው ቀለማቸው ለቀቀ፤ የሚያነሳቸውም የለም።

አሟሟቂዋ ድሮ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ባሏ አናጢ ነበር። ከጅረቱ ማዶ ባለው ቤት፣ ልጅ ባይወልዱም፣ ተዋደው ኖሩ። ሰውየው ሲሞት ቤቱ በአባቱ ስም እንደነበረ ታወቀና ወንድሞቹና እህቶቹ ሊሸጡት ተስማሙ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ገዢ እስኪመጣ ኑሪበት አሏት። ደላላው ያኔ ገና ሥራውን እየለመደ ያለ ልጅ ነው። ሳይነግራት የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች ይዞ ሲገባ ምድጃዋ ላይ ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቶ፣ ድመት በር ላይ ተኝታ አገኘ። ገዢዎቹ በዚያው ቀን ተስማሙ። ደላላው ነገሩ ገባው። ተዘግቶ የኖረ ቤት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ሰው ደግሞ የሚገዛው ግድግዳ ብቻ አይደለም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ባዶ ቤት ወሰዳት። «እናቴ፣ እዚህ ቆዪ። ያንን ሽንኩርትሽን ብቻ እንዳትረሺ» አላት። የምትሄድበት አልነበራትም፤ ገባች። ድመቷ አልተከተለቻትም።

ከቤት ቤት ይዛ የምትዞረው አንድ ታጣፊ አልጋና አንድ ሻንጣ ነው። በትልቁ መኝታ ክፍል አልጋ ላይ ንጹሕ አንሶላ ታነጥፋለች እንጂ አትተኛበትም፤ እሷ ሳሎን፣ ታጣፊዋ ላይ ናት። ሻንጣው ውስጥ «የሥራ ልብስ» የምትለው አለ። የሚለበስ አይደለም፤ የሚሰጣ ነው። የባሏ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ሁለት የልጅ ሱሪዎች፣ ጥቂት ፎጣዎች። ደላላው «መጣን» ብሎ ሲደውል ውሃ ታስነካቸውና ገመድ ላይ ታሰጣቸዋለች፣ ከዚያ ዘይቱን ትጥዳለች። እነዚያን ሱሪዎች ከግቢ ግቢ ሲዘዋወሩ እያየን ዓመታት አለፉ። «ያ ልጅ ግን አላድግ አለ እኮ» ይላታል ባለወፍጮው። «በልቶ አያውቅ፣ በምን ይደግ?» ትለዋለች።

ሥራዋን አሳምራ በሠራች ቁጥር ቶሎ ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ይህን አንድ ቀን ብነግራት «ታዲያ ሥራ አይደል?» አለችኝ። አያምሽም ወይ ብዬም ጠይቄያታለሁ። «ድሮ ያመኝ ነበር። አሁን ጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኛለሁ። ሲነኩኝ አውቃለሁ፤ አይሰማኝም» አለች። እንዲህ ስትል ሳሙና እየመረጠች ነበር።

ከእኔ የምትገዛው ሁልጊዜ አንድ ራስ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት በኪሎ የሚገዛ ሰው ነገም እዚያው ቤት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት የሰዓት ሠሪው ቤት አለ። ሁለት ክፍልና ኩሽና ነው። ወደ መንገዱ በሚያየው መስኮት ሥር ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ይሠራበት የነበረው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ሰዓቶቹ ተሰቅለው በኖሩበት ቦታ ክብ ክብ ነጣ ያለ ምልክት ቀርቷል። እሱ ሲሞት ቤቱ ለሴት ልጁ ደረሰ፤ እሷ ከተማ ነርስ ናት። አሟሟቂዋ እዚያ የገባችው ገበያው በተኛበት ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ሰዎች መጡ፤ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሽንኩርቱን አሽትተው፣ «እስቲ እናስብበት» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሚያስብም ጠፋ።

እሷ ግን ቆየች። መቆየት ክፉ ነው፤ ያስለምዳል። ታጣፊውን አልጋ ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ትንሿ ክፍል ውስጥ ባለው አልጋ መተኛት ጀመረች። ሻንጣዋ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ጣሪያው በኩሽና በኩል አፈሰሰ። ደላላው የነርሷ ጉዳይ ነው አለ፤ ነርሷ አሁን አልችልም አለች። አሟሟቂዋ ከእኔ ምስማርና ቁራጭ ቆርቆሮ ገዝታ፣ መሰላል ተውሳ፣ ራሷ ወጥታ መታችው። የአናጢ ሚስት ናት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ ሆና «ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ እኔ እንዳንተ ዕቃ ላይ ቁጭ ብዬ አልወፈርኩም፤ ነፋስ ይወስደኛል» ስትል ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስትቀልድ ራሷን ረስታ ያየኋት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ «ሽንኩርት ኪሎ መዝንልኝ» አለች። መዘንኩላት።

በሁለተኛው ክረምት መሐል ነርሷ መጣች። ቤቱን ዞራ አየችው፣ የአባቷን ጠረጴዛ ዳበሰችው፣ ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆማ እንዲህ አለቻት፦ «እትዬ፣ እኔ ሰለቸኝ። ክረምቱ እስኪወጣ ካልተሸጠ ማስታወቂያውን አነሳዋለሁ። እርስዎ ይኑሩበት። ኪራይም አልጠይቅዎትም፤ ቤቱ እንዳይፈርስብኝ ብቻ ይጠብቁልኝ።»

አሟሟቂዋ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የሳሙና ዋጋ እንደምትጠይቅ ነበር። «ደስ አላለሽም?» አልኳት። «እንጃ። ክረምቱ ይውጣ» አለች። በማግስቱ ግን የመጋረጃ ጨርቅ ትይዛለህ ወይ ብላ መጣች። አልይዝም ነበር፤ ከከተማ አስመጣሁላት።

ክረምቱ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ደላላው ደወለ። ገዢ አለ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል አላት። ሱቄ መጥታ ጨው ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ያበድኩት እኔ ነኝ።

«ስሚኝማ» አልኳት። «ሽንኩርት የለም። ልብሱንም እንዳታሰጪ። ጣሪያው ያፈሳል ወይ ካሉሽ አዎ ያፈሳል በይ። አይጥ አለ በይ። አንዲት ሳምንት ናት የቀረችሽ።»

«ዋሺ ነው የምትለኝ?»

«የሌለ ልጅ ሱሪ ስታሰጪ የኖርሽው እውነት ነበር እንዴ?»

ሳቅ አለች። «ይኼስ ልክ ነህ» አለች። ከዚያ ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ ቀስ ብላ «ያፈሳል። እሺ። ያፈሳል እላለሁ» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ጠዋት ሱቄን ከወትሮው ቀድሜ ከፈትኩ። ሽንኩርት አይሸትም። ገመዱ ባዶ ነው። ደስ አለኝ። የደላላው መኪና ቆመና አንድ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጎልማሶች፣ ወረዱ። ደላላው ከመኪናው ሲወጣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አየሩን አሸተተ፣ ገመዱን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አምፖል መደርደር ጀመርኩ።

ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሴትየዋ ለባሏ የምትለው እኔ ድረስ ይሰማል። «እስካሁን ያየናቸው ቤቶች፣ በየመንደሩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ይኼኛው ግን ቤት ቤት ይላል። መጋረጃውን አየኸው?» ደላላው አሳለው።

ባልየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮው በኩሽና በኩል አዲስ ቁራጭ አለበት፤ ያብረቀርቃል። «እማማ፣ እዚህ ሁለት ክረምት ከርመዋል አሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጣሪያው ያፈሳል?» አላት።

እኔ አምፖሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። አሟሟቂዋ የሰውየውን ዓይን ተከትላ ያንን ቁራጭ ቆርቆሮ አየችው። ብዙ አየችው።

«አያፈስም» አለች። «በኩሽና በኩል ያፈስ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የመታሁት። በዚህ ክረምት አንድ ጠብታ አልገባም።»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ከሰዓት ሱቄ መጣች። ተናድጄ ነበር። «ምነው? ያፈሳል ልትዪ አልነበረም?»

«አያፈስማ።»

«አለማፍሰሱንማ አውቃለሁ፤ መሰላሉን ማን ያዘ? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኼ ነው።»

መላጣዬን አየት አደረገችው። «የአንተውስ ታውቋል» አለች። «እኔ አላመለጠኝም። ልለው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። በገዛ ቤቴ ላይ እንዴት ያፈሳል ልበል?»

ያን ሁሉ ዓመት ሳውቃት አንድም ቀን «ቤቴ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ያለችው ከተሸጠ በኋላ ነው። ንዴቴ ሄዶ በምትኩ የሆነ ባዶ ነገር ቀረ። እሷ አላለቀሰችም። ውሃ ጠየቀችኝ፣ ጠጣች፣ መጋረጃውን ላወርድ ነው ብላ ሄደች። ከደጅ ተመልሳ መጥታ ደግሞ፣ መጋረጃውን ትተሽው ሂጂ ብለውኛል፣ ወደውታል አለችኝ። ማታ ነርሷ ደውላ ይቅርታ ብትላት «ልጄ፣ ቤትሽን ሸጥሽ፣ ምን አጠፋሽ?» ብላ አጽናናቻት።

ክረምቱ ወጣ። ደላላው ሱቄ በር ላይ መጥቶ አንዴ በአንድ እግሩ አንዴ በሌላው ይቆማል። ሲያፍር እንደዚያ ነው። ለእሷ ሌላ ቤት አገኘሁ አለ፤ ከጅረቱ ማዶ ያለው የአናጢው ቤት። የገዙት ሰዎች ሁለት በጋ መጥተው ተዉት፤ አሁን በገዙበት እንኳ የሚወስድላቸው ጠፍቷል።

«እናቴ፣ ሌላ ቤት የለኝም» አላት። «እምቢ ብትዪኝም አልቀየምም።»

«ቁልፉን ስጠኝ» አለች።

ታጣፊውን አልጋ ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። የበሩ ቁልፍ አዲስ ነው፤ በሩ ግን ያው ባሏ የሠራው ነው። ለመክፈት ከታች ገፋ ማድረግ እንዳለባት ሳታስብ በእግሯ ገፋችው። ውስጡ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ግድግዳውን ነጭ ቀብተውታል። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ባሏ ለሠርጋቸው የሠራው ሰፊ አልጋ አለ፤ ከቤቱ ጋር ተሸጦ ነበር። መስኮቶቹን ከፈተች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ከሻንጣዋ ንጹሑን አንሶላ አውጥታ አልጋው ላይ አነጠፈች፤ ጠርዙን በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለችው። ከዚያ ታጣፊዋን ከእጄ ወሰደችና ሳሎን ዘረጋች።

«እዚያ አትተኚም?» አልኳት።

«እሱ ለገዢ ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ መጣች። እጇ እርጥብ ነው። ሸሚዙን እንዲናፈስ አሰጣሁት፣ ገመዱም ያው የድሮው ነው፣ አልቀየሩትም አለችኝ። ሽንኩርት ጠየቀችኝ።

«ገዢ መጣ እንዴ?»

«ሽንኩርቱ ተነቅቶበታል፣ ከእንግዲህ ዳቦ ጋግሪ ብሎኛል ደላላው። ይኼ ለራቴ ነው።»

ስንት ሳልላት ኪሎ መዘንኩላት። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ሰድዳ አንድ ራስ አነሳችና ሌላውን ተወችው።