ብልሽት ዘጠኝ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ የሚከተለው ነው፦ ሁለት አሮጌ ሳውንድ ካርድ፣ አሥር የሥራ ቀን፣ ከነኮምፒውተሬ ወደ ጉኑኖ አንድ ምልልስ፣ እና አንድ ካሴት። ካሴቱ የእኔ አልነበረም። የቀረውን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ካሴቱ ነው።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ያኔ ሶዶ ውስጥ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ካሴት ቤት ነበረኝ። የመዝሙሩንም የዘፈኑንም እሸጣለሁ፣ ሰው ያመጣልኝንም አባዛለሁ። ከጎን ደግሞ መብራቱ የሚጨፍር የቻይና ቴፕ እሸጣለሁ። ያ መብራት ካሴት ሳይገባበትም ይጨፍራል። ባላገሩ መብራቱን አይቶ ይገዛል፤ እኔም መብራቱን አሳይቼ እሸጣለሁ። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔን ያስተማረኝም ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የእሱ ባንኮኒ ነው። "ዕቃን ሳይሞት ሽጠው" ይል ነበር። ካሴት መታመሙን ያወቅሁት ከሰው ቀድሜ ነው። ገበያው ሲዲና ፍላሽ መጠየቅ ሲጀምር ማባዣ ደብል ዴኬን ከመንገዱ ማዶ ላለው ለግርማ ሸጥኩለትና ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር አመጣሁ። ግርማም ካሴት ቤት ነው ያለው፤ ባላንጣዬ ነው። ዴኩን ታቅፎ መንገዱን ሲሻገር በሆዴ ስቄበታለሁ። ሬሳ ተሸክሞ የሚሄድ ነበር የመሰለኝ።

የኮምፒውተሩ የራሱ ድምፅ ተቃጥሎ ስለነበር የሸጠልኝ ሰው አንድ አሮጌ ሳውንድ ካርድ ሰክቶበት ነበር። እሱም ለአራት ወር ያህል አላሳፈረኝም። ከዚያ የደንበኛው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያራገፈብኝ ማሽኑ ሲበራ ማልቀስ፣ ሲዘጋ እንቢ ማለት ጀመረ።

ታምራት የሚባል ወጣት የአይሲቲ መምህር ነበረ። የሚያስተምረው ጉኑኖ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሶዶ ስለሆኑ አንዳንድ ቅዳሜ ብቅ ይላል። "ጋሼ ክብሩ፣ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንልዎት፤ ቫይረስ አይደፍረውም፤ ደግሞ ነፃ ነው" አለኝ። ነፃ የሚለውን ቃል ስሰማ መሸሽ ነበረብኝ። በነጋዴ ቤት ነፃ ዕቃ የለም፤ ያለው ዋጋው ያልተጻፈበት ዕቃ ነው።

ጫነልኝ። ቫይረሱ ጠፋ። ድምፁም አብሮ ጠፋ።

"ካርዱ አሮጌ ስለሆነ ነው" አለ ታምራት፣ ምንም ሳይደነግጥ። "ሊኑክስ ግን አሮጌ ዕቃ ያከብራል። ትንሽ መነካካት ነው የሚፈልገው። ዛሬ መኪና ያመልጠኛል፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ።" ብሎ ወደ ጉኑኖው ሄደ። እኔም ዲዳ ማሽን ይዤ ቀረሁ። ድምፅ የሌለው ካሴት ቤት ሥጋ እንደሌለው ሥጋ ቤት ነው፤ ሰው ገብቶ መንጠቆውን አይቶ ይወጣል።

ረቡዕ ዕለት የድሮ ደንበኛዬ እማማ አመነች ከቤሌ መጡ። በእጃቸው አንድ ዘንቢል የቦዬ ሥር፣ በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ አንድ ካሴት ይዘዋል። "ሳሮ፣ ታ ናኣው?" አሉኝ፤ ደህና ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። ተቀመጡና አስረዱኝ። ባላቸው ወንጌላዊ ነበሩ። ታመው ተኝተው ሳለ፣ መዳን እንደሌለ ሲያውቁ፣ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረችውን ሴት ልጃቸውን ምህረትን ለሠርጓ ቀን በካሴት መርቀዋት ሞቱ። ያች ምህረት አሁን ከመጪው እሑድ ቀጥሎ ባለው እሑድ ልትዳር ነው።

"ለልጄ፣ አባትሽ በሠርግሽ ቀን ይናገራል ብያታለሁ" አሉ። "ግን ክሩ አርጅቷል። ናፍቆኝ ደጋግሜ ሰማሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚያ ሲዲ በሚሉት በአዲሱ ሰሃን ላይ አድርግልኝ። ሙሽራው ቤት ማጫወቻ አለ ብለውኛል።"

ክሩን አወጣሁና በብርሃን አየሁት። ሳስቷል። ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ በእግዚአብሔር እጅ ነው።

"ማሽንህ ደህና ነው?" አሉኝ።

በዚህች ደቂቃ ማለት የነበረብኝ አጭር ነገር ነበር፦ እማማ፣ የእኔ ማሽን ዲዳ ሆኗል፤ ከመንገዱ ማዶ ግርማ ዘንድ ይሂዱ፤ ቢያንስ ወደ ሌላ ካሴት ይገለብጥልዎታል። ዴኩም የራሴ ነበር፤ ጤንነቱን እኔው አውቃለሁ። ነገር ግን ግርማ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኛ እያየ ነበር።

"ደህና ነው" አልኳቸው። "ሐሙስ ሳምንት ይምጡ።"

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። የእሳቸውን ካሴት ቆልፌ አስቀመጥኩና በገበያ ካሴት መሞከር ያዝኩ። ከአንዱ የሱቅ ቴፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ አውጥቼ ካርዱ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁ፤ ያ ገመድ ሲሰካ የቴፑ የራሱ ድምፅ ይዘጋል። ታምራት ያሳየኝን የመቅጃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ መሐል ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ወጣ ገባ እያለ ይጨፍራል፤ ስፒከሩ ግን ትንፍሽ አይልም። መልሼ ባጫውተው ያው ጭጭ ነው።

በእኛ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፦ ያልተሰማ አልተቀዳም። ዴክ ላይ የሚገባው ድምፅ በስፒከሩ እየወጣ ነው የሚገባው። ስለዚህ የአረንጓዴውን ጭፈራ ከምንም አልቆጠርኩትም። እንደዚያ ዓይነት መብራት ስንት ዓመት ሸጬዋለሁ!

ብልሽት ግን አልጥልም። ካሴት ሲባዛ የተበላሸ ካሴት ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ያንኑ ልማድ ወደ ኮምፒውተሩ አመጣሁትና ያቃተኝን ሁሉ ብልሽት አንድ፣ ብልሽት ሁለት እያልኩ አስቀመጥኩ። ኮምፒውተር ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር እንደማይጠቅም ማን ይንገረኝ?

ካርዱን ጠረጠርኩ። ከአንድ ጥገና ቤት ያገለገለ ሌላ ካርድ ገዛሁ፤ ጭጭ። ሦስተኛ በሚኒባስ ሹፌር ከሐዋሳ አስመጣሁ፤ እሱም ጭጭ። ታምራት ጋ ስደውል ወይ ኔትወርክ የለም ወይ ክፍል ውስጥ ነው። አንዴ ቢያነሳልኝ "ጋሼ፣ ሞጁሉ መነሳቱን አይተዋል?" አለኝ። የት እንደተቀመጠ የማላውቀውን ነገር መነሳቱን በምን ልይ?

ግርማ ደግሞ በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት ከማዶ ይጮኻል።

"ክብሩ! ልጁ አፉን ፈታ?"

"ያንተ ሽማግሌ መጀመሪያ ጥርስ ያብቅል!" እላለሁ። የእሱ ሽማግሌ፣ ያ የሸጥኩለት ዴክ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ይዘምር ነበር።

በሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ጉኑኖ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት "ታሟል?" ብላ ጠየቀችኝ። "አፉ ነው" አልኳት። የእማማን ካሴት አቧራ ላይ አላንገላታም ብዬ ሱቅ ቆልፌበት ሄድኩ። ብልጥ መሆኔ ነበር።

መብራት እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ድረስ ጠበቅን። ታምራት የመጀመሪያውን ካርድ መልሶ ሰካና ጥቁር ስክሪን ከፍቶ ጣቱን አርከፈከፈበት። ድንገት ስፒከሩ ጮኸ። የምር ጮኸ! ልስመው ምንም አልቀረኝ።

"አላልኩዎትም? ሊኑክስ አሮጌ ያከብራል።"

ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጧት ሱቄን ከፍቼ ማሽኑን አበራሁ። የመብራት ፈረቃው ከእኩለ ቀን በፊት ስለሚያጠፋብን ቸኮልኩ። ትናንት ሠርቷል፤ ምን እሞክራለሁ ብዬ የእማማን ካሴት ከተትኩና መቅጃውን ተጫንኩ። ስፒከሩ ዝም አለ።

ገመዱን ነካካሁ። ዝም። ስፒከሩን በቡጢ መታሁት። ዝም። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ስታገል የካሴቱ ሰባት ደቂቃ አለቀና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። መልሼ አጫወትኩት፤ ምንም የለም። ብልሽት ዘጠኝ ብዬ አስቀመጥኩት።

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠንኩና እንደገና አስነሳሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ቴፑ ውስጥ ያን ማንም ካሴት ነጋዴ በሕልሙ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ክሩን በላው። ከፍቼ ሳወጣው እንደ ፓስታ ተጠቅልሎ ሦስት ቦታ ተበጥሷል።

ሐሙስ እማማ አመነች መጡ። ዛሬም ቦዬ ይዘዋል። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ቃሉ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። አልጮኹም። ክሩን በመዳፋቸው ሰበሰቡት።

"ታ ናኣው፣ ማሽኑ ደህና ነው አላልከኝም?"

"ብያለሁ እማማ።"

"ደህና አልነበረም?"

"አልነበረም።"

ክሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቦዬውን ትተውልኝ ወደ ቤሌው አውቶቡስ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሠርጉ እሑድ ተደረገ፤ ሽማግሌዎች መረቁ፤ አባት አልተናገረም።

ሊኑክሱ በተጫነ በሦስተኛው ሳምንት ታምራት መጣ። ያልሰደብኩት የለም፤ ሊኑክስን ከነዘሩ ነው ያወረድኩት። እሱ እየሰማ ጥቁሩን ስክሪን ከፈተ። እንደ ቁም ሳጥን የተደረደሩ ረጃጅም ነገሮች ወጡ። አንዱ ከሥሩ ኤምኤም የሚል ምልክት ነበረበት።

"ይኼ ምንድነው?" አልኩት።

ታምራት ፊቱ ተለዋወጠ። "ዝም በል የተባለ ማለት ነው። ጋሼ፣ ሊኑክስ በእንዲህ ያለ አሮጌ ካርድ ሁሉ ላይ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚነሳው። ጉኑኖ ላይ ከፈትኩት፤ ማስቀመጡን ግን ረሳሁት። ሲነቅሉት መልሶ ዘጋው።"

"ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም። ካርዱ ጤነኛ ነበር።"

አንዲት ቁልፍ ተጫነ። አሥር ቀን፣ ሁለት ካርድ፣ ጉኑኖ፤ መድኃኒቱ አንዲት ቁልፍ! ለሙከራ አንድ ነገር ያጫውቱ ሲለኝ በንዴት ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ያገኘሁትን ከፈትኩ። ብልሽት ዘጠኝ ነበር።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ የደከመ የወንድ ድምፅ በወላይትኛ "ያችን ዶሮ አስወጪልኝ" አለ። በር ተንኳኳ፣ ዶሮ ጮኸች። ከዚያ ድምፁ ሰብሰብ ብሎ ጀመረ፦ "ምህረት ልጄ፣ ይህን ስትሰሚ ትልቅ ሰው ነሽ። በርሽን እንግዳ አይጣው..."

"ተቀድቷል እኮ!" አለ ታምራት። "የመቅጃውና የማሰሚያው በር የተለያየ ነው። የተዘጋው የማሰሚያው ብቻ ነው። አረንጓዴው ሞገድ ሲንቀሳቀስ አላዩም?"

አይቻለሁ። ጌጥ መስሎኝ ነው አላልኩትም። ለባላገር ጭፈራ የሸጥኩ ሰው፣ እውነተኛው ሲመጣ አላመንኩትም።

በማግሥቱ ድምፁን ሲዲ ላይ ገልብጬ ቤሌ ሄድኩ። እማማ ሲዲውን አገላብጠው አዩትና "ይኼን አሁን በምን ልስማው?" አሉኝ። ምህረት ከባሏ ጋር አርባ ምንጭ ገብታለች፤ ማጫወቻውም አብሮ ሄዷል። እሳቸው ቤት ያለው የካሴት ቴፕ ነው። ከእኔ የገዙት፣ መብራቱ የሚጨፍረው።

ተመለስኩና ያን መንገድ ተሻገርኩ። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ለግርማ ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ዴኩን ነቅሎ፣ ታቅፎ፣ ወደ እኔ ሱቅ ተሻገረ። ከኮምፒውተሩ ወደ አዲስ ካሴት ስንገለብጥ ሁለታችንም ሰባቱን ደቂቃ ቆመን ሰማን።

"ያኔ ወደ እኔ ብትልካቸው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር" አለ ግርማ።

"አውቃለሁ።"

"ደግሞ አልስቅብህም ነበር" አለና ቆይቶ "ትንሽ ብቻ" ብሎ ጨመረ።

ካሴቱን ቤሌ አደረስኩ። እማማ አጫወቱት። መብራቱ ጨፈረ። ዶሮዋ ስትጮህ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያባረርኳት እኔ ነኝ" አሉ። ምህረት ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ስትመጣ እንደምትሰማው ነገሩኝ። ስወጣ ቦዬ ሰጡኝ። እንቢ ለማለት ድፍረት አጣሁ።

ዛሬ የምሸጠው ሞባይል ነው። ደንበኛ "ይህ ደህና ነው?" ሲለኝ ካልሞከርኩት "አላውቅም" እላለሁ፤ በዚህ መልስ የተነሳ አንዳንዱ ገበያተኛ ወደ ማዶ ይሻገራል። በኮምፒውተሩ ላይ የነበረኝ ንዴት ቶሎ በርዷል፤ እሱ ዝም በል ተብሎ ነው ዝም ያለው። በእኔ ላይ ያለው ግን አልበረደም።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው። አንድ ካሴት ጠፍቷል፣ አንድ ተተክቷል። ድምፁ ሰባት ደቂቃ ሙሉ አለ። ሠርጉ አልፏል።