የደጀ ሰላሙ ዘበኛ

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት፣ እንጅባራ

በእንጅባራ ብርድ ከብርድ ልብስ መውጣት ትግል ነው፤ ልጆቼ ግን ከእኔ ቀድመው ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ቆመዋል። ቃልኪዳን አሥር ዓመቷ ነው፤ ናሆም ስድስት። ካለፈው ክረምት ወዲህ እሷ “የሕፃን ጨዋታ” እያለች አብራው መጫወት ትታ ነበር። ዛሬ ግን ጣና ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ልንሄድ ነው። የደሴቶቹን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምራለችና ትናንት ወንድሟን ጠርታ፣ የምንሄደው የንጉሥ መልእክተኞች ሆነን ነው ብላ ነገረችው። እሷ ፊታውራሪ፣ እሱ ዘበኛ። እኔስ ምን ልሁን ብላቸው ተያዩና አጋሰስ አደረጉኝ። ዳቦውም ውሃውም ሹራቡም የተጫነው እኔ ላይ ስለሆነ ሹመቱን ተቀበልኩ።

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ናሆም የጠላት ጦር ነው ብሎ እስከ ዳንግላ ሲቆጥረው ሄደ።

1፡45፣ ዳንግላ

ፍርፍርና ሻይ። ከቁርስ ቤቱ እስከ መናኸሪያው አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ፊታውራሪዋ ግን የንጉሥ መልእክተኛ በእግሩ አይሄድም አለች። ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ጎልማሳ ሰው ነው። ወዴት ናችሁ ሲለን ናሆም ምሥጢር ነው አለው። ሰውየው አልሳቀም፤ ለእንዲህ ያለ ጭነት ጅራፍ አይነሣም ብሎ ጅራፉን ከመቀመጫው ሥር ከተተና ፈረሱን በአፉ ብቻ እያባበለ ወሰደን። ልጆቼ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው።

4፡30፣ ሐይቁ ላይ

ባሕር ዳር ላይ ጌትነት የሚባል ወጣት ባለጀልባ አገኘን። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በሰዓቱ እንድንመለስ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። አንድ ሰው ከደንገል ሣር በታሰረ ታንኳ እንጨት ጭኖ በአጠገባችን ሲያልፍ ናሆም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው። ሰውየውም መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ መለሰለት።

5፡15፣ ደሴቷ

ከወደቡ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል። ጫፉ ላይ ጥንታዊ የድንጋይ አጥር፣ መካከሉ ላይ ክዳኑ የሣር የሆነ ደጀ ሰላም አለ። በሩ ላይ አባ ሀብቴ የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ ተቀምጠዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። ቃልኪዳን እጅ ነሥታ፣ ራሷ ጽፋ አጣጥፋ የያዘችውን የንጉሥ ደብዳቤ አቀረበች። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

“ማኅተሙስ?” አሉ።

ልጄ ደነገጠች። ናሆም ግን አውራ ጣቱን ላሰ፣ አፈር ላይ አሸት አደረገና ወረቀቱ ላይ ተጫነ።

“ተቀብያለሁ” አሉ አባ። “ግቡ።”

የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል አስመቱን። የብራናውን መጽሐፍ ሲገልጡልን ቃልኪዳን ትንፋሿን ዋጠች። በግድግዳው ሥዕል ላይ ያለውን ፈረሰኛ ቅዱስ ናሆም ረጅም ጊዜ አየና፣ ፈረሱ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን አንሥቷል፣ ልጓሙን ቢስቡለት ይሻላል አለ። አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጦፈ። ፊታውራሪዋ ዘበኛዋን ዱላ አስይዛ ደጀ ሰላሙ ላይ አቆመችው፤ የይለፍ ቃሉንም በየደቂቃው ትቀይራለች። እየሮጠች ትሄዳለች፣ ተመልሳ ቃሉን ትናገራለች፣ እሱ ያሳልፋታል። የያዝነው ውሃ ስላለቀ እኔ ውሃ ፍለጋ ወደ ወደቡ ወረድኩ።

7፡40፣ ወደቡ

ቃልኪዳንን ወደቡ ላይ ታንኳ ከሚያስር አንድ ሽማግሌ አጠገብ አገኘኋት፤ ደንገል እያቀበለችው ነው። ጌትነት እንሂድ ብሎ ጠራን። የሐይቁ ፊት መሸብሸብ ጀምሯል።

“ናሆም የታለ?” አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። እሷ ግን ሽቅብ መሮጥ ጀምራ ነበር፤ ተከተልኳት።

ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። አባ ሀብቴ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳልተነቃነቀ፣ ውሃ እንኳ በግድ እንዳጠጡት ነገሩኝ።

“ና፣ እንሂድ” አለችው እህቱ።

“የይለፍ ቃል።”

ጠፋባት። የአገራችንን የቦታ ስም ጠራች፤ ዘንገና አለች። ጥርባ አለች። አዘና፣ ገብስ፣ ጋሪ፣ ፍርፍር። እሱ በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከወደቡ የጌትነት ፉጨት መጣ። አፈፍ አድርጌ ልወስደው እጄን ስዘረጋ ቃልኪዳን ክንዴን ያዘች።

“እማዬ፣ በጉልበት አይሆንም። እኔ ነኝ የረሳሁት።” እንባዋ መጣ። የሹመት ምልክት ያደረገችውን ሻርብ ከራሷ ፈታ ከጎኑ ቆመች። “ፊታውራሪነቱን ትቻለሁ። እኔ ልተካህ፣ አንተ ሂድ።”

ናሆም አሰበ። “አንቺንስ ማን ይተካሻል? ጀልባው ትቶሽ ይሄዳል” አላት፤ ንቅንቅም አላለ። አሁን ዘበኞቹ ሁለት ሆኑ።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ተረኛው እኔ ነኝ” አሉት። “እዚህ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሜአለሁ።”

ልጄ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። “አይደክምዎትም?”

“ይደክመኛል። ስለዚህ ነው እየተተካካን የምንጠብቀው።”

ዱላውን በሁለት እጁ አስረከባቸው። ወደ ወደቡ ቁልቁል ስንሮጥ ዘወር ብዬ አየሁ፤ አባ ዱላውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጀልባው ተንጦ ተንጦ፣ ልብሳችንን በውሃ አርሶ አሻገረን። ጌትነት አንድም ቃል አልተቆጣም፤ ታሪኩን ሲሰማ መሪውን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ።

11 ሰዓት፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ቃልኪዳን ከዳንግላ እንደወጣን እንቅልፍ ጣላት፤ ጭንቅላቷ የወንድሟ ትከሻ ላይ ወደቀ። ትከሻው ጠባብ ነው። መንገዱ ሲያነጥረን በአንድ እጁ ግንባሯን ይደግፋል። ወደ እኔ ላስጠጋት ብዬው ነበር።

“ደክሞኛል” አለኝ በሹክሹክታ። “ግን አትቀስቅሻት።”

እንጅባራ እስክንገባ ዓይኑን አልከደነም።